ሃያ አንደኛዋ ማርትሬዛ

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው የፈጀብኝ አንድ ማርትሬዛ ብር፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ ከጅዳ የመጣ አንድ አዲስ ሽርጥና የመምህር ሙክታር ሰላምታ ነው። ማርትሬዛዋ በዚያን ጊዜ ዘጠኝ ብር ታወጣ ነበር። ስኳሩ ከዚያ ይበልጣል፤ ስኳር በወረፋ የሚገኝበት ዘመን ስለነበር ሁለት ኪሎ ያለው ሰው በመንገድ ላይ ቀና ብሎ ነው የሚሄደው። ሽርጡን ሳልጠግበው ነው የሄደው። ሰላምታው እንኳ ያን ያህል አልጎዳኝም፤ መምህር ሙክታር ዕቃ አገላብጠው አገላብጠው ወደ ቦታው የሚመልሱ ሰው እንጂ የሚገዙ አልነበሩም።

ባለፈው ሳምንት ሸዋ በር ቆሜ ሚኒባስ ሰው ሲያራግፍ አያለሁ። ሥራ ፈትቼ አይደለም። ሱቁን ልጄ ይዞታል፤ እኔ ከድሬዳዋ የሚመጣውን ሰው ጫማና ሻንጣ አይቼ የዕለቱን ገበያ ለመገመት እወጣለሁ። አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከባጃጅ ወርደው ከሾፌሩ ጋር በዋጋ ተነታረኩና መልሳቸውን ተቀበሉ። መልሱን ግን ወደ ኪሳቸው አልከተቱትም። አንዷን ሳንቲም ወደ ፀሐይ አነሷት፣ ገለበጧት፣ ጠርዟን በጥፍራቸው ዳሰሷት፣ ከዚያ በኋላ ነው የከተቷት። የባጃጅ መልስ እንዲህ አድርጎ የሚቀበል ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው።

“መምህር፣ ሞተዋል ሲባል ሰምቼ ነበር” አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። “ሸምሱ። እኔም ስለ አንተ ሰምቻለሁ፤ ከሞትም የባሰ ነው። ሀብታም ሆነ አሉኝ።”

“ሁለታችንንም ዋሽተውናል።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉና ሳቁ። ያን ጊዜ ነው ከእኚህ ሰው ጋር ከተኳረፍን በኋላ ልጆቼ ሁሉ ተወልደው እንዳደጉ ትዝ ያለኝ። የእህታቸውን ልጅ ረሒማን ሊጠይቁ ነበር የመጡት። ፀሐዩ በርዶ እስኪሄዱ ብዬ ወደ ሱቄ ይዣቸው ገባሁ። ልጄ ወንበር አመጣላቸው። እሳቸው ግን ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው የሳንቲሙ ሳህን ላይ አረፈ። ለቱሪስት የማስቀምጠው ሳህን ነው፤ የጣሊያን ሊሬ፣ የድሮ አሥር ሳንቲም፣ ጥቂት ማርትሬዛ። ማርትሬዛዋን አነሱና ከደረት ኪሳቸው የሰዓት ሠሪ መነጽር አወጡ። መነጽሩ ያው የድሮው ነው፤ ሠፈሩን ሁሉ ያመሰው ያ መነጽር።

ያን ጊዜ እኔ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ከአው ዩስፍ አንጥረኛው ደጃፍ ግማሹን ተከራይቼ ነበር የምነግደው። ግማሽ ደጃፍ ስል እንዳይገርማችሁ፤ ጀጎል ውስጥ ሩብ ደጃፍ ይዞ ሐጅ የሄደ ሰው አውቃለሁ። በግራና በቀኝ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ከጧት እስከ ማታ ይንጫጫል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ አሥራ አምስት ነበረች፤ ያውም ሥጋ ያላት ሳምቡሳ። ዛሬ ሥጋው ስሙ ብቻ ቀርቶ ዋጋው በብር ይቆጠራል። ወንዱ ሁሉ ከጉልበቱ በታች የሚሰፋ ቴትሮን ሱሪ ይለብሳል፤ መንገዱ ጠባብ፣ ሱሪው ሰፊ፣ ሁለት ጎረምሳ ጎን ለጎን ማለፍ አይችልም ነበር። ፔጆ ታክሲዎቹ በዚያው ጥበት ውስጥ ግድግዳ እየላሱ ያልፋሉ። ካሴት የነበረው ታክሲ ከሩቅ ይታወቃል፤ ዘፈኑ ቀድሞት ይደርስና ልብስ ሰፊው ሁሉ እግሩን በዘፈኑ ልክ መርገጥ ይጀምራል። ዘፈኑ ፈጣን በሆነ ቀን የተሰፋ ልብስ ስፌቱ ይጣመም ነበር። አሁን የስፌት መኪናዎቹ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት፤ ዘፈኑም በየሰው ጆሮ ውስጥ ተወትፏል።

ጀማል የድሬዳዋ መስመር የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ጓደኛዬ። እናቱ አዴ ሐሊማ ሸዋ በር ላይ ጫት ይሸጡ ነበር። ልጅቷ ረሒማ ደግሞ ከእኔ ትይዩ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ኢብራሂም ልጅ ናት። ጀማል ለእናቴ ነው እያለ ከሐጂ ሱቅ የገዛው ጨርቅ ለአንድ ቀበሌ ሴት ይበቃ ነበር። አዴ ሐሊማ አንድ ቀን ጨርቁን ተሸክመው መጥተው፣ “አንተ ሸምሱ፣ ይህ ልጅ ከፈን እየገዛልኝ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?” ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ነገር አለ አልኳቸው። ሽማግሌ ተላከ። ሐጂ ኢብራሂም ለሦስተኛው ሽማግሌ እሺ አሉ፤ ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ነበር። የልጅቷ መህር፣ ባል በኒካህ ለሚስቱ የሚሰጣት ገንዘብ፣ በማርትሬዛ ይሁን፤ ሃያ። የእናቷም፣ የአያቷም እንደዚያው ነበር። የወረቀት ገንዘብ ሲለዋወጥ ያዩ ሰው ናቸው፤ “ወረቀት መንግሥት ሲያስነጥስ ይበራል” ይሉ ነበር።

ሃያውን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከገጠር ሴቶች አንገት፣ ከአንጥረኛ ሣጥን፣ ከጅዳ ዕቃ ይዞ ከሚመጣ ሰው። በሰባት፣ በሰባት ከሃምሳ እየገዛሁ ለጀማል በዘጠኝ ሰጠሁት፤ ጓደኛዬ ስለሆነ ነው እንጂ በዘጠኝ ከሃምሳ ነበር የምሸጠው። ማርትሬዛ የምንመረምረው እንደ አባቶቻችን ነው። ድንጋይ ላይ ጥለን ድምጿን እንሰማለን፤ ከዚያ በላይዋ የታተመችውን ሴትዮ የትከሻ ጌጥ አይተን ዙሪያውን ያሉትን ዕንቁዎች እንቆጥራለን። ዘጠኝ ከሆኑ ደህና ናት። ዓመተ ምሕረቱን ማንም አያይም፤ ሁሉም ላይ 1780 ነው የሚለው፣ በፈረንጅ። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ነው የተወለድነው ቢላችሁ ትጠረጥራላችሁ፤ በብር ላይ ግን አልጠረጠርንም።

ከሃያዎቹ አንዷ ትንሽ ታስቸግር ነበር። ዕንቁዋ ዘጠኝ፣ ድምጿ ጥሩ፣ ክብደቷም ልክ ነው። ነገር ግን ከሴትዮዋ አንገት ሥር የሌላ ሰው አፍንጫ ይታያል። ወንድ ይመስላል። በጠርዙም ላይ በፊደሎቹ መካከል ሌሎች ፊደሎች አጮልቀው ያያሉ። እኔ የማሽን ስህተት ነው ብዬ፣ ገበሬ ትንሿን ድንች ከትልልቆቹ ሥር እንደሚያደርጋት መሃል ከተትኳት።

መህሩ የሚታይበት ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ኢብራሂም ቤት ተሰበሰብን። ቀዩ መደብ ላይ ሽማግሌዎቹ እንደየማዕረጋቸው ተቀምጠዋል፤ ቁጢው፣ የቡና ቅጠሉ ሻይ፣ በወተት ቀርቧል፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፤ ረሒማም እዚያው ነበረች። ጀማል ብሩን ነጭ ሻሽ ላይ አፈሰሰው። ደስ የሚል ድምፅ ነው፤ እስከ ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ሙዚቃ አልሰማሁም። መምህር ሙክታር የረሒማ ሟች እናት ወንድም ስለሆኑ ከሻሹ አጠገብ ነበሩ። ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምሩት፤ ቴምብርና ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ ከውጭ አገር በፖስታ የመጣ የሳንቲም መጽሐፍ አላቸው ይባል ነበር። ያንን መነጽር ከኪሳቸው አወጡና አንዷን ዓይናቸው ላይ ደቀኑ። ከዚያ ሌላዋን።  ሐኪም ምላስህን አሳይ ብሎ ሲያይ እንደሚጠበቀው ጠበቅናቸው።

“ድንቅ ነው” አሉ። “ሁሉም ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ የተሠሩ ናቸው።”

ሐጂ ቁጢያቸውን አስቀመጡ። “ከሞተች በኋላ?”

“አዎ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ። እንደገና የተመቱ ናቸው። ይቺኛዋ ደግሞ በሌላ ብር ላይ ነው የተመታችው። ከሥሯ ሌላ ሰው አለ።”

“የሞተ ሰው ስምና የድሮ ዓመት ለጥፎ ብር የሚሠራ ሰው፣ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል መምህር?”

“እንደዚያ ማለቴ አይደለም ሐጂ፣ ይህ የታወቀ…”

“ሐሰተኛ ነው የሚባለው” አሉ ሐጂ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሐጂ ኢብራሂም ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። “በሐሰተኛ ብር ልጅ አልድርም።”

ከመጋረጃው ወዲያ የአዴ ሐሊማ ድምፅ መጣ። “ልጄን ሐሰተኛ ካላችሁበት ቤት እኔም ሙሽራ አልወስድም። ጀማል፣ ተነስ።” ጀማል አልተነሳም። መጋረጃውን ነበር የሚያየው። መጋረጃው ደግሞ ሲንቀጠቀጥ እኔም አይቻለሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ፣ ቀስ በቀስ፣ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። ሻጩ እኔ ነኝ። ጀጎል ውስጥ አንድ ሰው ሐሰተኛ ብር ሸጠ ከተባለ በአምስቱም በር ስሙ ቀድሞት ይወጣል፤ እሱ ወጥቶ የትም ቢደርስ ስሙን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ያገኘዋል። የጀማል ኒካህና የእኔ ንግድ በአንድ ሻሽ ላይ ተዘርግተው ነበር።

የገላገሉን አንጥረኛው አው ዩስፍ ናቸው። “በአፍ የሚጣራ ነገር አይደለም። እሳት አለ። አንዷን እናቅልጣት። ብር ከሆነች ስታቀጥናት አትሰነጠቅም። ቆርቆሮ ያለበት ግን ሁለተኛው መዶሻ ላይ ይነግረናል።” ይህ በእኛ ዘንድ ያለ ነው። የተጣሉ ሰዎች ምስክር ሲያጡ ከእሳት ይጠይቃሉ። ሐጂም ጀማልም ተስማሙ። እኔም እስማማለሁ አልኩ፤ አልስማማም የሚል ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ነው መምህር ሙክታር የተናገሩት። ዝም ቢሉ ኖሮ ሁሉ ነገር ሌላ ይሆን ነበር። “እሺ፣ ማንኛዋንም አቅልጡ” አሉ፤ “ይቺን ግን ተዉልኝ።” አፍንጫ ያለባትን በመዳፋቸው ሸፈኗት።

አዴ ሐሊማ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫት የሸጡ ናቸው። በጫት ገበያ አንድ ሕግ አለ፤ ሻጭ እጁን የጫነበትን እስር ነው የምትፈታው። ላዩ ለጋ፣ ውስጡ ግርድ የሆነው እሱ ነው። “መምህር፣ እጅህን አንሳ” አሉ።

“አዴ ሐሊማ፣ ይህ ጫት አይደለም።”

“ጫት ባይሆንም እጁ እጅ ነው። እንዳትነካ የተባለችው ናት የምትነካ።”

“ወላሂ ይቺ ከሌሎቹ የተለየች ናት፤ ለዚህ ነው።”

“የተለየች መሆኗን እኔም እያልኩ ነው” አሉ አዴ ሐሊማ። ሐጂ እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሽማግሌዎቹም ነቀነቁ። በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነጋዴ ነው፤ መምህር ብቻ ናቸው አስተማሪ። ለምን እንደምትለይ በቃል ሊያስረዱ ሞከሩ። ግን በመጽሐፋቸው ያለውን ስም በእኛ ቋንቋ አላገኙለትም፤ እኛም ቃል ፍለጋ የሚቆም ሰው የሚዋሽ ይመስለን ነበር።

ሁላችንም ተግተልትለን ወደ አው ዩስፍ ደጃፍ ሄድን። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቆሙ። አው ዩስፍ ብሯን ማቅለጫው ውስጥ ጣሏት፤ ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ። ከሰሉ ፈንጥቆ ሽርጤን ሦስት ቦታ የበሳው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሴትዮዋ ፊት ላበ። ከዚያ እሷ ስትጠፋ፣ ለአንድ አፍታ፣ ያ ከሥር የነበረው ሰውዬ ብቻውን የታየ መሰለኝ። ምናልባት አልታየም። መምህር ሙክታር ግን ጎንበስ ብለው ሲያዩ ነበር፤ ላባቸው መነጽራቸው ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ብሩ ክብ ሆኖ ተሰበሰበ፤ የማንም ፊት የለበትም።

አው ዩስፍ አቀዝቅዘው በመዶሻ ቀጠቀጡት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ብዙ ጊዜ። እንደ ቡና ቅጠል ቀጠነ፤ አልተሰነጠቀም። ለሐጂ ሰጧቸው። ሐጂ ጠርዙን በጣታቸው ዳስሰው፣ “ብር ነው” አሉ። “ሸምሱ፣ አፉ በለኝ።” በዚያች ቃል ንግዴ ተመለሰልኝ፤ ጀማልም ሚስት አገኘ። ከሴቶቹ በኩል እልልታ ተሰማ፤ ልብስ ሰፊዎቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እልልታው ሳያልቅ ሐጂ ሻሹን ቆጠሩ። “አሥራ ዘጠኝ ነው። ያልነው ሃያ ነው።” ጀማል ኪሱ ባዶ ነበር። አዴ ሐሊማ፣ “ብሩን የጠረጠረ ይተካ” አሉ። ሐጂ፣ “የጠረጠረው መምህር ነው” አሉ። መምህር ሙክታር፣ “እኔ ተዉልኝ ነው ያልኩት” አሉ፤ ድምፃቸው ወደ ልቅሶ ይጠጋ ነበር። ሦስቱም ትክክል ነበሩ። ሦስት ትክክለኛ ሰዎች ሲከራከሩ የሚከፍለው አራተኛው ነው። ሣጥኔን ከፍቼ አንዲት ማርትሬዛ አወጣሁ። የቀጠነውን ብር ማንም አልጠየቀኝም፤ ወደ ኪሴ ልከተው ስል አው ዩስፍ፣ “ለልጅቷ አምባር ይሁናት። የእጄን ዋጋ በስኳር ትሰጠኛለህ” አሉኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያሉት፤ ምን እላለሁ? መምህር ሙክታር ግን ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ። ከኒካሁ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። በመጨረሻ ሳገኛቸው ሰላም ብያቸው አልመለሱልኝም ነበር።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ሱቄ ውስጥ፣ ማርትሬዛዬን በዚያው መነጽር እያዩ፣ “አሁን ለእነዚህ ብሮች በእኛ ቋንቋ ስም አውጥቼላቸዋለሁ” አሉኝ። “ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥራዬ ይኸው ነው። ይቺ ዳግም ምት ናት። ማተሚያው ያው፣ ዓመቱ ያው፣ ብሩ ግን አዲስ። ሐሰት አይደለም፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የደገሙት፤ ሰዉ የለመደውን ፊት ካልሆነ አልቀበልም ስላለ።”

“የእናቷን ልክ ይዞ ዘንድሮ የተሰፋ ቀሚስ ማለት ነው” አልኳቸው።

“ያን ቀን ይህን ብትልልኝ ምን ነበረበት” አሉና መነጽራቸውን አወረዱ። “ያቺ ደግሞ ድርብ ምት ነበረች። የሌላ ንጉሥ ብር ወስደው፣ ሳያቀልጡ፣ በላዩ ላይ እሷን መቷት። የድሮው ፊት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።”

“የቡና ጆንያ ነው። የአንዱ ነጋዴ ማህተም ላይ ሌላው የራሱን ያትምበታል፤ የመጀመሪያው ስም በሥሩ ይነበባል።”

“ልክ ነው። ልዩነቱ፣ ጆንያው ሲደረብበት ዋጋው ይወርዳል፤ የእሷ ግን ይወጣል።”

“እሷስ ስንት ታወጣ ነበር?”

“በጽሑፍ ያላየሁት ነገር ነው። መጽሐፌ ላይ የለችም፤ ከዚያ ወዲህ በገዛሁት መጽሐፍ ሁሉ ላይ የለችም። ብቻዋን ነበረች ወይም እኔ ተሳስቻለሁ። ሁለቱን የምታጣራልኝ እሷ ራሷ ነበረች።”

“ይገምቱ እንጂ።”

ሱቁን ዞር ዞር ብለው አዩት። “የዚህን ሱቅ ዋጋ።”

“ከነዕቃው?”

“ከነአንተ።”

ልጄ ከወዲያ ሳቀ። እኔ ግን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር። “መምህር፣ መህሩ ከሚታይበት ቀን በፊት ሱቄ መጥተው ነበር። ያቺን ብር አይተዋታል፤ አስታውሳለሁ፣ አገላብጠው አስቀመጧት። ለምን አልገዙኝም?”

“ደመወዝ እስኪወጣ ብዬ ነው። ያን ዕለት ብቸኩል ዋጋ ትጨምርብኝ ነበር።”

እውነታቸውን ነው። እጨምር ነበር።

ፀሐዩ ሲበርድ ወደ ረሒማ ቤት አብረን ወረድን፤ በዚያው በጠባቡ መንገድ፣ እሳቸው ከዘራቸውን ድንጋይ ላይ እያንኳኩ፣ እኔ ከኋላ። ጀማል ደጅ ተቀምጦ ነበር፤ የአውቶቡሱ ሞተር አንድ ጆሮውን ወስዶበታል፤ ደህናውን ጆሮ ወደ እኛ አዞረና ተቃቀፍን። ረሒማ አሁን የልጅ ልጅ ያላት ሴት ናት። የአጎቷን እጅ ስማ ቁጢ ስታቀርብ አምባሩ ከእጅጌዋ ሥር ወጣ። ቀጭን ነው፣ ጌጥ የለውም፤ አው ዩስፍ በሁለት ኪሎ ስኳር ልክ ነው የሠሩት።

“እስቲ አውልቂውና አሳይኝ” አሏት።

“አይወልቅም አጎቴ። እኔ ወፈርኩ፣ እሱ አልወፈረም።”

ስለዚህ እጇን ያዙና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አምባሩን ዙሪያውን ተመለከቱት፤ እሷ ክንዷን ዘርግታ እንደ ሕመምተኛ ትጠብቃለች። ብዙ ቆዩ። ጀማል፣ “በደህናው ጆሮዬ ንገረኝ፤ ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ ቁጢዬን አነሳሁ።

“ምን አዩ?” አለች ረሒማ።

“ምንም።” መነጽሩን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

“አዴ ሐሊማ ከመሞታቸው በፊት፣ ‘ያንን አምባር እንዳታወልቂ፤ ልጄ ሐሰተኛ አይደለም ማለቴን የመሰከረልኝ እሱ ነው’ ይሉኝ ነበር። ስንት ያወጣል አሁን?”

አጎቷ ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መሶብ አየሁ።

“የብሩን ክብደት ያህል ብቻ” አሏት።

ሒሳቡ ይኸው ነው። የመህሩ ሃያ ማርትሬዛ ረሒማ ሣጥን ውስጥ አለ፤ አንድም አልተሸጠም። ሃያ አንደኛዋ እጇ ላይ ናት። መምህር ሙክታር ሲሰናበቱ ሰላምታ ሰጥተውኛል። በእኔ በኩል የቀረ ምንም የለም።